የቢግ ቴን የ18 ቡድኖች መርሐ ግብር፦ ከሁለት የውድድር ዘመን በኋላ የቀረበ ግምገማ

ይህ ግምገማ የሚመለከተው ቢግ ቴን የተባለው የአሜሪካ ኮሌጆች ኮንፈረንስ (እርስ በርስ የሚወዳደሩ ኮሌጆች ማኅበር) በኦክቶበር 2023 ይፋ ያደረገውንና ከ2024 እስከ 2028 የሚሠራበትን የአሜሪካ ፉትቦል መርሐ ግብር ነው (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ኮንፈረንሱ «ፍሌክስ ፕሮቴክት 18» የሚል ስም አውጥቶለታል። ደጋፊ የስታዲየም ትኬት ሲቆርጥም ሆነ ለቴሌቪዥን አገልግሎት በየወሩ ሲከፍል የሚገዛው ይህንኑ መርሐ ግብር ስለሆነ፣ ገንዘብ እንደሚወጣበት እንደ ማንኛውም ነገር ጥራቱ ሊመረመር ይገባል ብዬ አምናለሁ። የምኖረው በኮሎምበስ ከተማ ነው፤ የኦሃዮ ስቴት ደጋፊም ነኝ። አንባቢ ይህን ከወዲሁ አውቆ ፍርዴን በዚያው ልክ እንዲመዝነው እፈልጋለሁ።

በእግር ኳስ ያደገ ሰው ወደ ኮሌጅ ፉትቦል ሲመጣ መጀመሪያ ግራ የሚያጋባው የደረጃ ሰንጠረዡ ነው። በኢትዮጵያም ሆነ በእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ እያንዳንዱ ቡድን ከእያንዳንዱ ጋር በደርሶ መልስ ስለሚገናኝ፣ በመጨረሻው ሳምንት የምናየው ሰንጠረዥ ሁሉም አንድ ዓይነት ፈተና ተቀምጠው ያመጡት ውጤት ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስና ኢትዮጵያ ቡና በየዓመቱ እንዲገናኙ ማንም የተለየ ደንብ ማውጣት አያስፈልገውም፤ ዙሩ ራሱ ያገናኛቸዋል። የአሜሪካ ፉትቦል ግን አካልን እጅግ የሚጎዳ ስፖርት በመሆኑ አንድ ቡድን በሳምንት ከአንድ ጊዜ በላይ ሊገጥም አይችልም፤ የኮሌጆቹ መደበኛ ውድድርም 12 ጨዋታ ብቻ ነው። በቢግ ቴን ከእነዚህ ውስጥ ዘጠኙ ከኮንፈረንሱ አባላት ጋር ሲሆኑ፣ ሦስቱ ከውጭ ቡድኖች ጋር የሚደረጉ ናቸው።

ኦሪገን፣ ዋሽንግተን፣ ዩኤስሲና ዩሲኤልኤ በ2024 ሲቀላቀሉ የአባላቱ ቁጥር 18 ደረሰ። አሥራ ስምንት ቡድኖች እርስ በርስ አንድ አንድ ጊዜ እንኳ ይገናኙ ቢባል 153 ጨዋታ ያስፈልጋል፤ ዘጠኝ ዘጠኝ ጨዋታ ሲደረግ ግን የሚገኘው 81 ብቻ ነው። የቀሩት 72 ግጥሚያዎች በዚያ ዓመት ጭራሽ አይኖሩም። የጉዳዩ ሥር ያለው እዚህ ላይ ነው። ከ2011 እስከ 2022 አሥር አባላት የነበሩት ቢግ 12 የተባለው ሌላ ኮንፈረንስ በዚሁ በዘጠኝ ጨዋታ ሁሉንም ከሁሉም ያገናኝ ነበር፤ አቅሙ የጠፋው ኮንፈረንሶች የቴሌቪዥን ገንዘብ ፍለጋ ከአገሪቱ ዳር እስከ ዳር ሲሰፉ ነው። በሎስ አንጀለስና በኒው ጀርሲ ያሉ ቡድኖች ዛሬ በአንድ ሰንጠረዥ ላይ ይሰለፋሉ፤ በሁለቱ መካከል የሦስት ሰዓት ልዩነት አለ።

ከመልካም ጎኑ ልጀምር። መርሐ ግብሩ 12 ነባር የተቀናቃኞች ግጥሚያዎች በየዓመቱ እንዲደረጉ ዋስትና ይሰጣል። ኦሃዮ ስቴትና ሚሺጋን፣ ኢንዲያናና ፐርዱ፣ ሚኒሶታና ዊስኮንሲን፣ ኦሪገንና ዋሽንግተን ከእነዚህ ይገኙበታል። ደስ ያሰኘኝ ነገር ጥበቃው ለሁሉም እኩል ይዳረስ ተብሎ አለመሠራቱ ነው። አይዋ ከሚኒሶታ፣ ከነብራስካና ከዊስኮንሲን ጋር ያለው ፉክክር ሦስቱም ተጠብቀውለታል፤ ኦሃዮ ስቴት ያለው አንድ ብቻ ነው፤ ፔን ስቴት ደግሞ አንድም የለውም። ለእያንዳንዱ ቡድን ሦስት ሦስት ተቀናቃኝ በግድ ቢሰፍሩለት ኖሮ ደጋፊው የማያውቀው «ፉክክር» በወረቀት ላይ ይፈጠር ነበር። የቀሩት ተጋጣሚዎች በዙር ይቀያየራሉ፤ በአምስቱ ዓመት ውስጥ እያንዳንዱ ቡድን ከእያንዳንዱ ጋር ቢያንስ ሁለት ጊዜ፣ አንዴ በሜዳው አንዴ ከሜዳው ውጭ ይገናኛል።

የዚህን ዋጋ ለመረዳት ጎረቤትን ማየት ይጠቅማል። ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም በ2012 የሳውዝኢስተርን ኮንፈረንስ አባል ሆነ፤ ኮንፈረንሱ ምድቦቹን እስካፈረሰበት እስከ 2023 መጨረሻ ድረስ ጆርጂያ ለአንድ ጨዋታ እንኳ ወደ ሜዳው አልሄደም። በአንድ ኮንፈረንስ ውስጥ ያሉ ሁለት ቡድኖች አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የአንዱን ደጅ ሳይረግጡ መቆየታቸው ዝምድናውን በስም ብቻ ያስቀረዋል። በተጋጣሚ አዟዟር ረገድ ቢግ ቴን ያቀረበው ሥራ ከዚያ እጅግ የተሻለ ነው።

ፍትሐዊነቱ ግን ሌላ ጥያቄ ነው፤ የ2024 ውድድር ሲጠናቀቅም ያ ጥያቄ ወጥ ቤታችን ድረስ ገባ። ልጄ ከበጋው ጀምሮ የኦሃዮ ስቴትን የጨዋታ ዝርዝር በማቀዝቀዣው በር ላይ ለጥፎ፣ በየሳምንቱ ውጤቱን በእርሳስ ይጽፍበት ነበር። ኖቬምበር 30 ሚሺጋን እዚሁ ኮሎምበስ መጥቶ 13 ለ 10 ካሸነፈን በኋላ ወረቀቱን አውርዶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው፤ በጀርባውም አራት በአራት ሣጥን ሠራ። በአናቱና በጎኑ የአራቱን መሪዎች ስም ጻፈ፤ ኦሪገን በኮንፈረንሱ ዘጠኙንም አሸንፏል፤ ፔን ስቴትና ኢንዲያና ስምንት አሸንፈው አንድ ተሸንፈዋል፤ ኦሃዮ ስቴት ሰባት አሸንፎ ሁለት ተሸንፏል። ከዚያ በየሣጥኑ ውጤት መሙላት ጀመረ። ኦሃዮ ስቴት ኦክቶበር 12 በኦሪገን ሜዳ 32 ለ 31 ተሸንፏል። ኖቬምበር 2 በፔን ስቴት ሜዳ 20 ለ 13 አሸንፏል። ኖቬምበር 23 ኢንዲያናን በሜዳው 38 ለ 15 አሸንፏል። እዚህ ላይ እርሳሱ ቆመ። «አባዬ፣ ሌላ የሚሞላ የለም እኮ» አለኝ።

እውነቱን ነበር። በአራቱ መካከል ሊኖሩ ከሚችሉት ስድስት ግጥሚያዎች የተደረጉት ሦስት ብቻ ናቸው፤ በሦስቱም ውስጥ አንዱ ተጋጣሚ ኦሃዮ ስቴት ነው። ኦሪገን ከፔን ስቴትም ከኢንዲያናም አልተገናኘም። ፔን ስቴትና ኢንዲያናም እርስ በርስ አልተያዩም። እያንዳንዳቸው ከመሪዎቹ መካከል አንዱን ብቻ ሲገጥሙ፣ ኦሃዮ ስቴት ሦስቱንም ገጥሞ ሁለቱን አሸንፏል፤ በሦስተኛው የተሸነፈው በአንድ ነጥብ ነው። በሰንጠረዡ ላይ ግን ካሸነፋቸው ከሁለቱም በታች፣ አራተኛ ሆኖ ተቀመጠ። የሰንጠረዡ አንደኛና ሁለተኛ በሚገናኙበትና ኢንዲያናፖሊስ ላይ በተደረገው የኮንፈረንሱ ፍጻሜ ኦሪገንን የገጠመው ፔን ስቴት ነበር።

ኖቬምበር 2 በፔን ስቴት ሜዳ የተደረገውን ያንን ጨዋታ ያየ ሰው የዚህን ክብደት ያውቀዋል። ከ111 ሺህ በላይ ሕዝብ በስታዲየሙ ውስጥ ነበር። በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ፔን ስቴት ከግቡ መስመር ሦስት ያርድ ያህል ሲቀረው አቻ ለመሆን አራት ሙከራ ነበረው። ሦስት ጊዜ በሩጫ ሊያልፍ ሞከረ፤ ሦስቱንም ጊዜ የኦሃዮ ስቴት ተከላካዮች መስመሩ ላይ አቆሙት። በአራተኛው የተወረወረችው ኳስ ሳትያዝ መሬት ወደቀች። ከዚያ በኋላ ኦሃዮ ስቴት የቀሩትን አምስት ደቂቃ ገደማ ኳሷን ሳይለቅ ሰዓቱን ጨረሰው። ከአንድ ወር በኋላ ወደ ዋንጫው ጨዋታ የሄደው በዚያ መስመር ላይ የቆመው ቡድን ነው። ያቆመው ቡድን ቤቱ ተቀመጠ።

ፍርዱ ሚዛኑን እንዲጠብቅ ሌላውን ወገንም መናገር አለብኝ። ኦሃዮ ስቴት ሚሺጋንን ቢያሸንፍ ኖሮ ስምንት አሸንፎ አንድ ተሸንፎ ይጨርስ ነበር፤ ፔን ስቴትንም ኢንዲያናንም ስላሸነፈ ፍጻሜው የእሱ ይሆን ነበር። ሚሺጋን በዚያ ዓመት ከ12 ጨዋታ አምስት የተሸነፈ ቡድን ነው፤ በሜዳህ ለእንዲህ ያለ ቡድን እጅ ሰጥተህ መርሐ ግብሩን ብቻ መውቀስ አያምርም። ይሁን እንጂ ፔን ስቴት ሚሺጋንንም አልገጠመም። የኦሃዮ ስቴትና የሚሺጋን ግጥሚያ የተጠበቀ በመሆኑ ኦሃዮ ስቴት በየዓመቱ ኖቬምበር መጨረሻ ላይ ለክብሩ ከሚሞትበት ተቀናቃኝ ጋር ይፋጠጣል፤ ምንም የተጠበቀ ተቀናቃኝ የሌለው ፔን ስቴት ደግሞ ይህ ሸክም የለበትም። ቀደም ሲል ያመሰገንኩት የጥበቃው ልክ አለመመጣጠን እዚህ ላይ ዋጋ ያስከፍላል። ያም ሆኖ ጥበቃው ይቅር የሚል ሰው ኮሎምበስ ውስጥ አይገኝም፤ እኔም አልልም።

በዚያ ዓመት ብዙ የተወቀሰው ኢንዲያና ነው። «ቀላል ዕጣ ደርሶት ነው» ተባለ፤ 11 ጨዋታ አሸንፎ እንኳ ብዙዎች ከቁም ነገር አልቆጠሩትም። እኔም ራሴ ይህን ብዬ ነበር፤ ዝርዝሩን ደግሜ ስመለከተው ግን ተሳስቼ ነበር። በኦክቶበር 2023 የአምስቱ ዓመት ተጋጣሚዎች ሲታወቁ ለኢንዲያና በ2024 ሚሺጋን፣ ዋሽንግተንና ኦሃዮ ስቴት ደርሰውት ነበር። ሚሺጋንና ዋሽንግተን በዚያው የውድድር ዘመን መጨረሻ ለአገር አቀፉ ዋንጫ የተገናኙት ሁለቱ ቡድኖች ናቸው፤ ሚሺጋን 34 ለ 13 አሸንፎ ዋንጫውን ወስዷል። ስለዚህ በወረቀት ላይ ከዚህ የከበደ ዕጣ ማግኘት ያስቸግር ነበር። በኋላ ሁለቱም አሰልጣኞቻቸውንና ዋና ዋና ተጫዋቾቻቸውን አጡ፤ በ2024 ኢንዲያና ሲገጥማቸው ስማቸው እንጂ ጉልበታቸው አልነበረም። ኢንዲያና በበኩሉ በ2023 ከ12 ጨዋታ ሦስት ብቻ ያሸነፈ ቡድን ነበር፤ ከርት ሲግኔቲ አሰልጣኝ ሆኖ ሲመጣ ግን በአንድ ዓመት ውስጥ ሌላ ቡድን ሆነ። መርሐ ግብር አውጪው ይህን ሁሉ አስቀድሞ ሊያውቅ አይችልም።

የእኔ ዋና ፍርድ የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው። የመርሐ ግብሩ ጉድለት ተጋጣሚ በመመደቡ ላይ አይደለም። ተጫዋቾች በየዓመቱ ከኮሌጅ ወደ ኮሌጅ በሚዘዋወሩበት በዛሬው ዘመን ከአምስት ዓመት በፊት የተመደበ ተጋጣሚ ሲደርስ ምን እንደሚሆን የሚያውቅ የለም። ጉድለቱ ምደባው የፈጠረውን ልዩነት በኋላ የሚያርም ምንም መሣሪያ በውስጡ አለመኖሩ ነው። ሰንጠረዡ የሚቆጥረው የድል ብዛት ብቻ ነው፤ ድሉ በማን ላይ እንደተገኘ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ሁለት ቡድኖች እኩል ሲሆኑ ብቻ ነው።

ቀድሞ የነበረው አሠራርም ከዚህ አይሻልም ነበር። ከ2014 እስከ 2023 ቢግ ቴን በምሥራቅና በምዕራብ ምድብ ተከፍሎ የሁለቱ አሸናፊዎች ለዋንጫ ይገናኙ ነበር፤ አሥሩንም ዓመት ያሸነፈው የምሥራቁ ነው። ኦሃዮ ስቴት፣ ሚሺጋንና ፔን ስቴት በአንድ ምድብ ሲተራረዱ፣ የምዕራቡ አንደኛ ከሦስቱ ለአንዳቸው እንኳ ሊቋቋም በማይችልበት አቅም ፍጻሜ ይደርስ ነበር። በ2023 ሚሺጋን አይዋን 26 ለ 0 የረታበት ጨዋታ የዚያ ዘመን የመጨረሻው ነው። ምድቦቹ በመፍረሳቸው አንድም ቀን አላዘንኩም።

ይህ ቅሬታ የኦሃዮ ስቴት ደጋፊዎች ብቻ እንዳልሆነ የሚያሳዩ ሁለት ምሳሌዎች ልጨምር። በ2011 ሳውዝ ካሮላይና በሳውዝኢስተርን ኮንፈረንስ የምሥራቅ ምድብ አምስቱንም ተጋጣሚዎቹን አሸነፈ፤ ጆርጂያንም በጆርጂያ ሜዳ 45 ለ 42 ረታው። የምድቡ አሸናፊ የሆነው ግን ጆርጂያ ነው፤ ምክንያቱም ሳውዝ ካሮላይና ከምዕራቡ ምድብ ጠንካራው አርካንሳስ ደርሶት በእሱና በኦበርን ሲሸነፍ፣ ጆርጂያ ከምዕራቡ የደረሱትን ሦስቱንም አሸንፏል። በወቅቱ የሳውዝ ካሮላይና አሰልጣኝ የነበረው ስቲቭ ስፐሪየር የምድብ አሸናፊ በምድብ ጨዋታዎች ብቻ ይለይ የሚል ሐሳብ አቅርቦ ነበር፤ ተቀባይነት አላገኘም።

ሁለተኛው የ2025 የአትላንቲክ ኮስት ኮንፈረንስ ነው። አሥራ ሰባት አባላት ስምንት ስምንት የኮንፈረንስ ጨዋታ ሲያደርጉ ቨርጂኒያ አንደኛ ሆነ፤ ከሥሩ አምስት ቡድኖች ስድስት አሸንፈው ሁለት በመሸነፍ እኩል ተሰለፉ። ከአምስቱ ብዙዎቹ እርስ በርስ ስላልተገናኙ፣ ለፍጻሜው የሚያልፈው የተለየው በተጋጣሚዎቻቸው ውጤት ተሰልቶ ነው። ያለፈው ዱክ ሆነ። ዱክ በመደበኛው ውድድር በጠቅላላው አምስት ጊዜ የተሸነፈ ሲሆን፣ ከሽንፈቶቹ አንዱ ከአምስቱ አንዱ በሆነው በጆርጂያ ቴክ እጅ በራሱ ሜዳ የደረሰበት ነው። ዱክ ቨርጂኒያን አሸንፎ የኮንፈረንሱን ዋንጫ ቢወስድም ለአገሪቱ ዋንጫ ወደሚደረገው አገር አቀፍ ጥሎ ማለፍ አልገባም። ከእነዚያው ከአምስቱ አንዱ የነበረው ማያሚ ግን በአገር አቀፉ ጥሎ ማለፍ እስከ ፍጻሜው ተጓዘ። ከዚህ የምረዳው የተጋጣሚ ጥንካሬን ስሌት በመጨረሻዋ ደቂቃ፣ እኩልነትን ለመስበር ብቻ ማውጣት መፍትሔ እንደማይሆን ነው።

የጥሎ ማለፉ ተሳታፊ ወደ 12 ቡድን ማደጉ ቁስሉን እንዳለዘበው አምናለሁ። በ2024 አራቱም የቢግ ቴን መሪዎች ገብተዋል፤ በስምንተኛ ደረጃ የገባው ኦሃዮ ስቴትም በሎስ አንጀለስ አቅራቢያ በሮዝ ቦውል ኦሪገንን 41 ለ 21 ካሸነፈ በኋላ፣ ጃንዋሪ 20 ቀን 2025 አትላንታ ላይ ኖትር ዴምን 34 ለ 23 ረትቶ የአገሪቱን ዋንጫ ወስዷል። በኮንፈረንሱ አራተኛ የተባለው ቡድን በአገሪቱ አንደኛ ሆነ ማለት ነው። አንዳንድ ወዳጆቼ «ታዲያ ምን ጎደላችሁ?» ይሉኛል። የጎደለው የኮንፈረንሱ ሰንጠረዥ ትርጉም ነው። አንድ ሰንጠረዥ የራሱን አራት ቡድኖች ማበላለጥ ካቃተው፣ ሦስት ወር ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ የተከፈለበት ውድድር ምን ለካ?

ለፍትሕ ሲባል የ2025ንም ልናገር። በዚያ ዓመት ቀለል ያለው ዕጣ ለኦሃዮ ስቴት ደረሰ፤ ኦሪገንንም ኢንዲያናንም ዩኤስሲንም አልገጠመም። ኦሪገንን በኦሪገን ሜዳ ያሸነፈው ኢንዲያና ነበር። ኦሃዮ ስቴትና ኢንዲያና ሳይሸነፉ ኢንዲያናፖሊስ ላይ ተገናኙና ኢንዲያና 13 ለ 10 አሸነፈ፤ በኋላም ማያሚን 27 ለ 21 ረትቶ የአገሪቱ ሻምፒዮን ሆነ። አንደኛና ሁለተኛ ያለ ሽንፈት ሲጨርሱ መርሐ ግብሩ ያለ እንከን ይሠራል። የሚሰናከለው አንድ ሽንፈት ባላቸውና ሁለት ሽንፈት ባላቸው መካከል መለየት ሲኖርበት ነው፤ ያ ደግሞ በአብዛኛው ዓመት የሚያጋጥም ነገር ነው።

ሊታረም ይችላል ወይ ለሚለው ጥያቄ መልሴ አዎ ነው፤ መነሻውም በቢግ ቴን የራሱ መዝገብ ውስጥ አለ። በወረርሽኙ ዓመት በ2020 ኮንፈረንሱ የመጨረሻውን ሳምንት ተጋጣሚዎች አስቀድሞ ሳይወስን አቆይቶ፣ በዲሴምበር አጋማሽ ከምሥራቁና ከምዕራቡ በደረጃ አቻ የሆኑትን ለማገናኘት አቅዶ ነበር። ዛሬም ከዘጠኙ ጨዋታዎች አንዱን፣ ለምሳሌ በኖቬምበር አጋማሽ ያለውን፣ ክፍት አድርጎ ማቆየትና በመሪዎቹ መካከል ያልተገናኙትን በዚያ ሳምንት ማጋጠም ይቻላል። በ2024 እንዲህ ቢደረግ ኖሮ ከልጄ ባዶ ሣጥኖች ቢያንስ አንዱ በሜዳ ላይ ይሞላ ነበር። ደጋፊው ትኬትና ሆቴል አስቀድሞ መያዝ አይችልም የሚል ተቃውሞ እንደሚነሳ አውቃለሁ፤ ሆኖም የኮንፈረንሱ ፍጻሜ ተጋጣሚዎችም የሚታወቁት ከአንድ ሳምንት በፊት ነው፤ ሰዉ ግን ይሄዳል። አስቸጋሪው የሜዳ ባለቤትነት ነው፤ ዘጠኝ ጎደሎ ቁጥር በመሆኑ ግማሾቹ አምስት ጨዋታ በሜዳቸው ሲያደርጉ ግማሾቹ አራት ብቻ ያደርጋሉ። ክፍቱ ሳምንት ማን በሜዳው እንደሚጫወትበት ከወዲሁ ሊወሰን ይገባል፤ ማን እንግዳ ሆኖ እንደሚመጣ ብቻ ይቆይ።

ይህ እስኪሆን ድረስ ሌላው ቀላሉ ነገር፣ ይፋዊው ሰንጠረዥ ከድልና ከሽንፈት ቀጥሎ የተጋጣሚዎችን ጠቅላላ ድል ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ በግልጽ ማስፈሩ ነው። ተመልካቹ በኦክቶበር የሚያየው ስሌት በዲሴምበር ድንገተኛ አይሆንበትም።

ስለዚህ ነባር ፉክክሮችን በመጠበቅ ከአምስት አራት፣ በተጋጣሚ አዟዟር አምስት ሙሉ፣ በሰንጠረዡ ፍትሐዊነት ሁለት እሰጠዋለሁ። የአንድን ቡድን ጨዋታ ለማየት ብቻ ለሚከፍል ሰው ገንዘቡን የሚያስቆጭ መርሐ ግብር አይደለም፤ የኮንፈረንሱ ሻምፒዮን ማን መሆን እንደሚገባው ከሰንጠረዡ ለማወቅ ለሚሻ ሰው ግን በዚህ መልኩ አልመክረውም። ለ2026 ኦሃዮ ስቴት ወደ ኢንዲያናና ወደ ዩኤስሲ ይጓዛል፤ ኦሪገንንና ሚሺጋንን በሜዳው ያስተናግዳል። ልጄ አዲሱን ወረቀት ማቀዝቀዣው ላይ ሲለጥፍ፣ ሣጥኑን በዚህ ጊዜ ከፊት ለፊቱ ሠርቶታል።